በጋባዧ በስተግራ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ በካልማር ከተማ ወደብ አጠገብ ባለው የጨው ነጋዴው ቤት ስምንት ሰዎች እራት ሊበሉ ተሰብስበው ነበር። ጋባዧ ስልሳ ዓመት የሞላት ጉንቮር ናት። ልጇ ሄድቪግ፣ ወንድሟ ሩነ፣ የሩነ ሚስት ሲግብሪት፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኞቿ ሦስቱ፣ በመጨረሻም ምድጃ ሠሪው ቶርኬል ነበሩ።

ቶርኬልን የጠራችው ሄድቪግ ናት። ጉንቮር እሺ ያለችው ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው።

ጨው ነጋዴው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፈውም ቤቱ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። አሁን ምግብ ቤት ሆኗል። ወለሉ ሰፋፊ የጥድ ጣውላ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ያረጀ ሰማያዊ ነው። በአዳራሹ ጥግ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ነጭ ሸክላ ምድጃ ቆሟል። ምግቡ የፈረንሳይ ነው፤ ዋናው አስተናጋጅ ባስቲያንም ከሊዮን ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው።

ጉንቮር ልደቷን በዚህ ቤት እንጂ በሌላ አላከብርም ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«እናቴ ሳታገባ በፊት እዚህ ቤት ሠራተኛ ነበረች» አለች በሩ ላይ ካፖርቷን ስታወልቅ። «ትሪ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ ወጣትነቷ አለቀ። በዚህ አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችም። እኔ ግን ዛሬ እቀመጣለሁ።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ። እርስዎን ማስተናገድ ለቤታችን ክብር ነው» አለ ባስቲያን ጎንበስ ብሎ።

«እርስዎ አትበለኝ! ንግሥት መሰልኩህ እንዴ? ጉንቮር በለኝ፣ አንቺ በለኝ።»

ባስቲያን ፈገግ አለ። ነገር ግን እርስዎ ማለቱን አልተወም። እርስዎ በሚባልበት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ ጠረጴዛ ሲያዘጋጅም ያገሩን ሥርዓት ነው የሚከተለው።

ነገሩ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ በጋባዧ በስተግራ የሚቀመጥ ወንድ የዕለቱ የክብር እንግዳ ነው። ክብሩ ደግሞ ዕዳ አለው፤ ጣፋጩ ምግብ ሲቀርብ ተነሥቶ፣ ብርጭቆውን በቢላ መትቶ፣ በሁሉም ስም ጋባዧን ማመስገን አለበት። ይህን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ጉንቮርም ለባስቲያን «ወንድሜን ሩነን በክብር ቦታ አስቀምጥልኝ» ብላው ነበር። በባስቲያን አገር ግን የክብር ቦታ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ ሩነን በስተቀኝ አስቀመጠው። በስተግራ ባለው ወንበር ፊት ለፊት፣ በነጩ ሳህን ላይ፣ በቆንጆ ጽሕፈት «ቶርኬል» የሚል ካርድ አኖረ።

ቶርኬል ካርዱን ሲያይ ሌላ ቶርኬል የተጠራ መስሎት ዙሪያውን ተመለከተ።

ቶርኬል ዝምተኛ ነው። በገበያ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል እንጂ አይጠራም። ስልክ ሲደወልለት መጀመሪያ በልቡ ሰላምታውን ይለማመዳል። አንድ ጊዜ ሄድቪግ «ከእኔ ጋር ስትሆን ምን ታስባለህ?» ብላ ብትጠይቀው፣ የጀመሩትን ድልድይ ተሻግረው እስኪጨርሱ አስቦ «ብዙ» ብሎ መልሶላታል።

ሩነ ካርዱንም ቶርኬልንም አየ። ሩነ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። ንግግሩ እንደ ጥር ብርድ ነው፤ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል፣ መቼ እንደሚያበቃ ግን ማንም አያውቅም። በኮቱ የውስጥ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት እንደያዘ ሚስቱ ብቻ ሳትሆን መዘምራኑም ያውቁ ነበር።

«ጉንቮር፣ ስህተት አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ያለው የሩነ ድምፅ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል።

ጉንቮር የወንበሩን ጀርባ እንደያዘች ቆመች። እንግዶቹ ሁሉ በየካርዳቸው ፊት ቆመዋል። አሁን አንዱን አንሥቶ ሌላውን ማስቀመጥ ሁለቱንም ማዋረድ ነው።

«ካርዱ እንዳለ እንቀመጥ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ቶርኬል ዘንበል ብላ ቀስ ብላ፣ «አትጨነቅ። ሰዓቱ ሲደርስ ሩነ ይናገራል» አለችው።

ያለችው በደግነት ነው። ቶርኬልን የወጋውም ደግነቱ ነው።

ባለፈው ጥር ይህችው ጉንቮር በማእድ ቤቷ ቡና እየቀዳችለት በቀጥታ ነግራው ነበር። «አንተ መልካም ልጅ ነህ። እጅህ ወርቅ ነው። ነገር ግን ልጄን ላንተ ስሰጥ እፈራለሁ። የሄድቪግ አባት እንዳንተ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ቤት ግን ነቅዟል። ሃያ ሁለት ዓመት ከግድግዳ ጋር ኖርኩ። አንድ ቀን ግድግዳው ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ፤ ያን ዕለትም አልተናገረም። ልጄ ግድግዳ እንድታገባ አልፈልግም።»

ቶርኬል ቡናውን ጠጥቶ፣ ስኒውን አጥቦ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ከዚህ እራት ሁለት ቀን በፊት፣ ሄድቪግ ወደቡ ላይ አስቆመችው። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ይበትነዋል።

«በሰሜን ጫፍ፣ በኪሩና የመምህርነት ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው። «መልሴን ሰኞ ይጠብቃሉ። የምትለኝ ነገር አለህ?»

በደረቱ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመውጣት ተጋፋ፤ እንደ ጠባብ በር ሆነበትና አንዱም ሳይወጣ ቀረ።

«ኪሩና ሩቅ ነው» አላት።

ሄድቪግ ለረጅም ጊዜ አየችው። «አዎ» አለች። «ሩቅ ነው።» ከዚያ ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች።

አሁን በጠረጴዛው ማዶ ከእሱ ትይዩ ተቀምጣለች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ዓይኗ ግን የእሱን ዓይን አይፈልግም።

ቶርኬል ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ወደ ጉንቮር ዞሮ፣ «እኔ እናገራለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«በግራሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኔ እናገራለሁ።»

ሩነ ወረቀቱን እዚያው ትቶ እጁን ከኪሱ አወጣ።

መጀመሪያ የመጣው ነጭ አስፓራገስ የተባለው አትክልት በቅቤ መረቅ ነበር። ሁሉም አደነቁ። ቶርኬል ግን ሳህኑ ላይ ያለው ገለባ ይሁን ቅቤ አያውቅም። በልቡ «ውድ ጉንቮር» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። «ውድ ጉንቮር፣ ውድ እንግዶች።» እንደገና ጨለማ።

«ለምን አትበላም?» አለችው በግራው የተቀመጠችው ሲግብሪት። «እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የዚህን ሰውዬ ንግግር ሰምቻለሁ። አንተ አጭር ብታደርገው እግርህን እስማለሁ።»

«ሰምቼሻለሁ» አለ ሩነ ከጉንቮር ወዲያ።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት።»

ጉንቮር ብርጭቆዋን አነሣች። «ስኮል!» አለች። ሁሉም ብርጭቆ አነሡ። ስኮል ሲባል ከመጠጣት በፊትና ከጠጡ በኋላ ዓይን ለዓይን መተያየት ግዴታ ነው፤ ዓይኑን የሰበረ ሰው እንደ ሌባ ይታያል። ሄድቪግ ወደ ቶርኬል ቀና አለች። ምሽቱን ሙሉ የሸሸችው ዓይን አሁን የሚሸሽበት አልነበረውም። ጠጡ። ብርጭቆውን ዝቅ አድርገው እንደገና ተያዩ። ሥርዓቱ ከሚፈቅደው በላይ ቆዩ፤ አንደኛዋ ዘማሪ እስክትስል ድረስ።

የኤላንድ ደሴት በግ ሥጋ ከተነሣ በኋላ ቶርኬል እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሲመለስ ሄድቪግ ወደ ወጥ ቤት በሚወርደው ጠባብ ደረጃ አናት ላይ ቆማ አገኛት። ከታች የድስት ክዳን ይንኳኳል።

«ተናደድክብኝ?» አለችው።

«ለምን እናደዳለሁ?»

«ካርዶቹን ከሰዓት በኋላ አይቻቸው ነበር። አበባ ላመጣ ገብቼ። ባስቲያን መሳሳቱን አውቄያለሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ያስተካክለው ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ዝም ማለት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

ቶርኬል ሳያስበው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ፈርቼ ነው፣ ቶርኬል። ሰኞ ደውዬ እሺ እላለሁ፤ አንተም ጣቢያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክመህ ትመጣና ባቡሩ ሲሄድ እጅህን ታወዛውዛለህ ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ከሚሆን ዛሬ እዚህ ሰው ፊት ላብ ቢያጠምቅህ ይሻላል። ክፉ ነኝ፣ አውቃለሁ። አሁንም ከፈለግክ አጎቴ ይናገርልህ።»

«አይሆንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እጄን ተመልከች» አለና ዘረጋላት። እጁ ይንቀጠቀጣል። «እንዲህ ሆኜም እናገራለሁ።»

ሄድቪግ የተዘረጋውን እጅ ለአንድ አፍታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ቀድማው ገባች።

ሩባርብ ከተባለው ጎምዛዛ ተክል የተሠራ ኬክ ከቫኒላ ክሬም ጋር ቀረበ። የምሽቱ ፀሐይ በወደቡ በኩል ዝቅ ብላ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ገብታ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ተኛች። ንግግሩ ቀስ በቀስ በረደ። ሁሉም የሚጠብቁትን ያውቃሉ፤ ማንም ግን ወደ ቶርኬል አላየም። ሩነ ሶፍቱን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና አጠፈ።

ቶርኬል ቢላውን አነሣና ብርጭቆውን መታ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ተነሣ።

«ጉንቮር» አለ።

ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መንገድ ላይ ብስክሌት ሲያልፍ ተሰማ። ሲግብሪት ክሬሙ ላይ አፈጠጠች። የሩነ እጅ እንደ ራሱ ፈቃድ ወደ ውስጥ ኪሱ መሄድ ጀመረ። ጉንቮር ከንፈሯን ነክሳ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰማችው ዝምታ ተመልሶ የመጣ መስሏት ነበር።

ቶርኬል ወደ ምድጃው አየ። እሱን ያውቀዋል። አንድ በአንድ አፍርሶ፣ እያንዳንዱን ሸክላ አጥቦ፣ ከመሠረቱ መልሶ ያቆመው ምድጃ ነው።

«ንግግር አልችልም» አለ። «የምችለው ምድጃ ነው። ያንን ምድጃ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ መጀመሪያ የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔ መልሼ አቆምኩት። ስለዚህ ስለ እሱ ልናገር።»

«ተናገር» አለች ሲግብሪት።

«በምድጃው በስተቀኝ፣ ወለሉ ላይ፣ ጣውላው ትንሽ ጎድጉዷል። ወንበር አላጎደጎደውም፤ እዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። እዚያ ሰው ነው የሚቆመው። ትሪ ይዘው እስኪጠሩ የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። ጀርባቸውን የሚያሞቁት እዚያ ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ ያን ጣውላ አውጥተው አዲስ ሊያስገቡ ነበር። እኔ ተዉት አልኳቸው። ማን እንደቆመበት ግን አላውቅም ነበር።»

ውኃ ጠጣ።

«ከዚያ አንድ ቀን ምድጃው ውስጥ ገብቼ ጥላሸት ስጠርግ አንዲት ሴት መጣች። ሥራው አላለቀም፣ መግባት ክልክል ነበር። 'አያቴ እዚህ ቤት ሠርታለች፤ የት ትቆም እንደነበር ታውቃለህ?' አለችኝ። እኔ በጣቴ አሳየኋት። ሄዳ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ቆመች። ስትወጣ 'አንድ ቀን እናቴን አንተ ታሳያታለህ' አለችኝ። እሺ አልኩ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ሊሞላ ነው፤ ለማሳየት መናገር ስለሚያስፈልግ ሳላሳይሽ ቆየሁ። ጉንቮር፣ ቦታው ያ ነው።»

ጉንቮር ሶፍቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ተነሣች። በአዲሱ ጫማዋ እየተራመደች አዳራሹን አቋረጠች፤ ተረከዟ ጣውላው ላይ ይሰማል። በጎድጓዳው ላይ ቆመች። ጀርባዋን ለሸክላው ሰጠች፤ ሁለት እጆቿን ትሪ እንደያዘች ያህል ከፊቷ አደረገች፤ መልሳ አወረደቻቸው። ግንቦት ስለሆነ ምድጃው እሳት አልነበረውም። ያም ሆኖ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ተመለሰች። ባስቲያን ሮጦ ወንበሯን ሳበላት።

«አሁን ልቀመጥ» አለች። «ለሁለታችንም ልቀመጥ።»

መዘምራኑ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሩነ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ያለቀ መስሏቸው ነበር።

«አልጨረስኩም» አለ ቶርኬል።

ጭብጨባው ቆመ።

«ሄድቪግ» አለ። አሁን ወደ ምድጃው አላየም። «ሐሙስ ዕለት ስለ ኪሩና ጠየቅሽኝ። ሩቅ ነው አልኩሽ። ውሸት አልነበረም፤ ሩቅ ነው። ግን ለጠየቅሽኝ መልሱ እሱ አልነበረም። መልሱ፣ እኔም እመጣለሁ የሚል ነበር። ኪሩና ከዚህ የበለጠ ይበርዳል። ብርድ ባለበት ምድጃ አለ፣ ምድጃ ባለበት እኔ ሥራ አላጣም። እዚህ ብትቀሪም እዚሁ ነኝ። አትሂጂ አልልሽም። ብቻሽን አትሂጂ ነው የምልሽ። እወድሻለሁ። ይህን ያን ቀን፣ እዚያ ጣውላ ላይ ስትቆሚ ልልሽ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አፌ ውስጥ ጥላሸት ነበረ።»

አንደኛዋ ዘማሪ «ኧረ ጌታዬ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ቶርኬል ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። መልሶ ቀና አለ፤ ግዴታውን ረስቶ ነበር።

«ምግቡም ጥሩ ነበር» አለ። «ጉንቮር፣ በሁላችንም ስም አመሰግናለሁ።»

ተቀመጠ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

ሄድቪግ ዓይኗ ሞልቶ ብርጭቆዋን ትይዛለች፣ ትለቃለች። ይህን ያህል ጊዜ ሌላውን ስታናግር የኖረች ልጅ አሁን በተራዋ ቃል አጣች። ቶርኬል ግን አልቸኮለም፤ ዝምታን እንዴት እንደሚጠብቁት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ባቡሩ ላይ» አለች በመጨረሻ፣ «በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ተቀመጪ» አላት።

ሲግብሪት ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ወደ ጉንቮር ዞረች። «ሰማሽ? ግድግዳሽ ተናገረ።»

ጉንቮር ቶርኬልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አዲስ የገባ ሰው እንደምታይ ነው ያየችው።

«ግድግዳ አይደለም» አለች። «ምድጃ ነው። ሁለቱም ዝም ስለሚሉ አሳሳተኝ።» ከዚያ ትከሻውን በመዳፏ መታ አደረገችው። «ብላ እንግዲህ። ኬክህ ደርቋል። ማታውን ሙሉ አንድ ነገር አልቀመስክም፤ ያላየሁህ መሰለህ?»

«የእኔ ወረቀትስ?» አለ ሩነ። «ሦስት ሳምንት የለፋሁበት!»

«ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ታነበዋለህ» አለችው እህቱ።

ባስቲያን ጠርሙስ ይዞ መጣ። በግራና በቀኝ መካከል የሆነውን አንደኛዋ ዘማሪ በሹክሹክታ ነግራው ነበርና ጆሮው ቀልቷል። «እመቤቴ፣ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ» አለ። «በእኛ አገር ክብር በስተቀኝ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች ጉንቮር። «ሁለተኛ እንዳትሳሳት። የዛሬው ስህተት ግን ጠቅሞናል። ቅዳልን።»

ብርጭቆዎች ተነሡ። ስኮል ተባለ። ሄድቪግና ቶርኬል ተያዩ፤ ጠጡ፤ እንደገና ተያዩ፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልሳለም።

ሰኞ ጠዋት ሄድቪግ ለኪሩናው ትምህርት ቤት ደውላ እሺ አለች። በነሐሴ መጀመሪያ ሁለቱም ባቡር ተሳፈሩ፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው እሷ ናት።